ጣፊያ የወጣለት ሰው ትንፋሽ

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ። ዛሬ የማወራችሁ ከግራ ጎን አጥንት ሥር ተሸሽጋ ስለምትኖር አንዲት የሰውነት ክፍል ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ላይ ክብደቷ 150 ግራም ገደማ ነው። ልብ ይመታል፣ ሆድ ሲርበው ይጮኻል፣ ሳንባ ያስላል። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ድምፅ የላትም። ልጅ ሮጦ ሮጦ ጎኑን ሲወጋው «ጣፊያዬን!» ብሎ ካልጠራት በቀር ማንም አያነሳትም።

ዝም ስላለችም ተናቀች። አርስቶትል ለሕይወት የግድ ከሚያስፈልጉት የአካል ክፍሎች ተርታ አላስቀመጣትም። የጥንቱ ሐኪም ገሌን ምሥጢር የሞላባት ናት ብሎ አለፋት። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ላይ ጣፊያ ሯጭን ታደናቅፋለች፣ ሯጮችም በእሳት እያስተኮሱ ያሳንሷታል ብሎ ጻፈ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሰዎች ግምት፣ ጣፊያዋ የቀነሰችለት ሰው እግሩ ይፈጥናል ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። በኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ዘመን እንዝለልና ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግባ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምቆጥርላችሁ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር አስቡልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እንደ እሱ ያሉ በመቶዎች ነበሩ። የመድፍ ፍንጣሪ ግራ ጎኑን አገኘው። ጣፊያ ደም የጠገበች ናት፤ ስትቀደድ ደሙ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ወታደሩ ገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠው፣ የልብ ምቱ ፈጠነ። ድንኳን ውስጥ ያለው ቀዶ ሐኪም በእጁ ያለው ጊዜ ደቂቃ ነው። ይስፋት ቢል ሥጋዋ ልል ስለሆነ ክር አትይዝለትም። ስለዚህ የደም ሥሮቿን ቋጠረና ቆርጦ አወጣት። ደሙ ቆመ፣ ሰውየው ዳነ።

ሐኪሙ ትክክል ነበር። ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ የምለው ነገር አንዳንዱን ሰው «ታዲያ ለምን አወጡት?» ያሰኘዋል። የወጣው ሰውየው እንዲኖር ነው። ባይወጣ ኖሮ ከዚያች ሌሊት አያልፍም ነበር።

ወታደሩ አገሩ ገባ። ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። ልጆቹ ጠባሳውን አይተው ሲጠይቁት «የጦርነት ነው» ብሎ አለፈው። ሆስፒታልም ፋይሉን ዘጋ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጣፊያ ወጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም። ምልክቱ ከጦርነቱም በፊት ነበር። በ1919 ሞሪስና ቡሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጣፊያቸው የወጣ አይጦች ተላላፊ በሽታ ሲገባባቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚያልቁ አሳይተው፣ ሰውም ላይ ይህ ሊደርስ ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ብዙ ሰሚ አላገኙም። በ1952 ደግሞ ኪንግና ሹማከር የተባሉ አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች በደም በሽታ ምክንያት ጣፊያቸው የወጣላቸውን አምስት ሕፃናት ታሪክ አወጡ። ሕፃናቱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን በደማቸውና በአንጎል ሽፋናቸው ይዟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪም ሁሉ አንድ ነገር ተማረ፦ ጣፊያ የሌለው ሰው በሳንባ ምች፣ በማጅራት ገትርና በደም መመረዝ በቀላሉ ይጠቃል። ክትባቱም፣ «ትኩሳት ሲሰማህ አትተኛበት» የሚለው ምክርም የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ የታወቀው ግማሽ ነው። እኔ ልነግራችሁ የተነሳሁት ስላልታወቀው ግማሽ ነው።

በ1977 ሮቢኔትና ፍራውሜኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በጦርነቱ ቆስለው ጣፊያቸው የወጣላቸውን 740 አሜሪካውያን ወታደሮች ፈልገው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን በምን እንደሞተ ቆጠሩ። ሳንባ ምች ከሚጠበቀው በላይ ገድሏቸው ነበር፤ ይህ አላስገረመም። ያስገረመው ሁለተኛው ነው፦ በልብ የደም ሥር መጥበብ የሞቱትም ከሚጠበቀው በላይ ነበሩ። ባክቴሪያ በሌለበት የደም ሥር ጉዳይ ውስጥ ጣፊያ ምን አገባት?

ጥያቄው ብዙ ዓመት ቆየ። በ2014 አይስላንዳዊው ክሪስቲንሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች መዝገብ ውስጥ ገብተው፣ ካንሰር ሳይኖርባቸው ጣፊያቸው የወጣላቸውን 8,149 ሰዎች እስከ 27 ዓመት ድረስ ተከተሉ። በእግር ደም ሥር ደም ረግቶባቸው፣ ወይም የረጋ ደም ሳንባቸውን ዘግቶባቸው ሆስፒታል የተኙት ከሌሎቹ የቀድሞ ወታደሮች 2.2 እጥፍ ሆነው ተገኙ። የረጋ ደም ሳንባን ዘግቶ የመግደሉም ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ከአደጋዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከአሥር ዓመት በኋላም ገና ከፍ እንዳሉ ነበሩ። ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በኋላ በሳምንታት ውስጥ ደም ሊረጋ እንደሚችል ሐኪም ሁሉ ያውቃል። አሥር ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

እስካሁን ታሪኩን ከቀዶ ሕክምናው ወገን እያየን መጣን። አሁን ዞረን ከሳንባው ወገን እንየው፤ ምሥጢሩ የተገለጠው በዚያ በኩል ነውና።

ልብ ሁለት ወገን አለው። የግራው ደም ወደ መላ ሰውነት ይገፋል፤ በክንድ ላይ የምንለካው ግፊት የእሱ ነው። የቀኙ ወደ ሳንባ ብቻ ይገፋል። የሳንባ መንገድ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ በጤነኛ ሰው አማካይ ግፊቱ ወደ 14 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ20 ሲያልፍ ሐኪሞች «የሳንባ ደም ግፊት» ይሉታል። ይህ በክንድ ላይ ከሚለካው ግፊት የተለየ በሽታ ነው፤ የክንድ መለኪያ አያገኘውም። ደም ግፊትህ ደህና ነው የተባለ ሰው የሳንባው ሊኖርበት ይችላል።

ጀርመን ውስጥ ሃኖቨር ላይ፣ ሆፐርና ጓደኞቹ የሳንባ ደም ግፊት ይዟቸው መንሥኤው ያልታወቀላቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር። የበሽተኞቹን የድሮ ታሪክ ሲያገላብጡ አንድ ነገር ተደጋገመባቸው። ከ61 በሽተኞች ሰባቱ ጣፊያ አልነበራቸውም። ሌላ ዓይነት የሳንባ ሕመም ያለባቸውን 151 ሰዎች ቢያዩ አንድም ጣፊያ የሌለው አላገኙም። በ1999 ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ነበር። ነገሩን አይተውታል፤ ግን ገና አልደፈሩትም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረንሳውያኑ ደፈሩት። ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው ክላማር፣ ዣኢስና ባልደረቦቹ በሦስት መደብ ቆጠሩ። የመጀመሪያው፣ በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሳይሟሟ ቀርቶ ግፊቱ የጨመረባቸው 257 ሰዎች ናቸው፤ ከመቶው 8.6 ጣፊያቸው ወጥቶ ነበር። ሁለተኛው፣ መንሥኤው ያልታወቀ የሳንባ ደም ግፊት ያለባቸው 276 ናቸው፤ ከመቶ 2.5። ሦስተኛው ሌላ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው 180 ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ጣፊያ የሌለው አንድ ብቻ ተገኘ። ቁጥሩ ጣቱን ቀሰረ፦ ጉዳዩ የረጋ ደም ነው፤ ረግቶም ሳይለቅ የሚቀር።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ? ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ጣፊያዋን ያወጣው ቀዶ ሐኪም ነው። እግር ሲያብጥ ያየው ሌላ ሐኪም ነው። ትንፋሽ ሲያጥር የመረመረው ሦስተኛ ነው። በመካከላቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት አለ፤ ከተማም፣ አንዳንዴም አገር ይለያያቸዋል። ሦስቱ ተገናኝተው አያውቁም። ሦስቱንም ያገኘ አንድ ሰው ቢኖር በሽተኛው ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የድሮው ቁስል ከዛሬው ትንፋሽ ጋር ይገናኛል ብሎ እንዴት ያስብ?

እንግዲህ ጣፊያ ምን ትሠራ ነበር? በደም መንገድ ላይ እንደቆመች ኬላ አድርጋችሁ አስቧት። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜው ደጋግሞ በጣፊያ ያልፋል፤ የጣፊያ ቀዳዳዎችም እጅግ ጠባብ ስለሆኑ መታጠፍ የሚችል ጤነኛ ሴል ብቻ ሾልኮ ይወጣል። ያረጀው፣ የደረቀው፣ ቅርጹ የተበላሸው እዚያው ተይዞ ይፈርሳል። ኬላዋ ስትነሳ ሁሉም ሳይፈተሽ ያልፋል።

ታዲያ ያረጀ ሴል ቢዞር ምን ይጎዳል? ሴል ሲያረጅ ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ዞሮ መቀመጥ ያለበት አንድ ዓይነት ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል። ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚያ ቅባት ላይ ተሰባስበው ነው። ሁለተኛ፣ ከፕላትሌቶቻችን ሲሶ ያህሉ በጣፊያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቁስል ሲኖር ደምን የሚያረጉት እነሱ ናቸው። ጣፊያ ስትወጣ ያ ሁሉ ወደ ደም ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥራቸው በጣም ያሻቅባል፣ በአንዳንዱም ከፍ እንዳለ ይቀራል። ሦስተኛ፣ በደም ሥር ውስጥ የሚፈነዱ ሴሎች የሚለቁት ሄሞግሎቢን፣ የደም ሥር እንዲሰፋ የሚያደርገውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እየያዘ ያጠፋዋል፤ የሳንባ ሥሮችም ይጠባሉ። በዚህ ላይ የቪየና ተመራማሪዎች ጣፊያቸውን ያወጡላቸው አይጦች ላይ የረጋ ደም ቶሎ እንደማይሟሟ አይተዋል።

የረጋ ደም ከእግር የደም መላሽ ሥር ሲነሳ፣ ወደ ልብ ቀኝ ወገን ይሄዳል፤ ከዚያ የሚገባበት የመጀመሪያው ጠባብ ቦታ ሳንባ ነው። በአብዛኛው ሰው ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል። በጥቂቶች ግን አይሟሟም፤ ከሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ጠባሳ ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ ይዘጋል፣ ሌላው ይዘጋል። ደሙ ሁሉ በቀሩት ለማለፍ ይጋፋል፣ ግፊቱም ያድጋል። ለቀላል ሥራ የተፈጠረው ቀኝ ልብ ጡንቻውን ያወፍራል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይለጠጥና ይደክማል።

ከዚህ በሽታ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ፣ ደም ረግቶ ሳንባዬን ዘጋኝ የሚለው የሚታወቅ ቀን የለውም። ደረቱን ወግቶት አያውቅም፣ ወድቆ አያውቅም። ጥቃቅኑ የረጋ ደም ሳይታወቅ ገብቶ ተከማችቶበታል።

እና አሁን ፕሊኒን አስታውሱልኝ። ጣፊያ ስትጎድል እግር ይፈጥናል ያለውን። ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ወታደር ደረጃ ስታስወጡት ሦስተኛው ላይ ቆሞ የእጅ መደገፊያ ይይዛል። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን ዳገት አሁን ሁለቴ ያርፍበታል። ሲብስበት እግሩ ያብጣል፣ ሲጣደፍ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ሚስቱ «ሲጋራው ነው» ትለዋለች። እሱ «ዕድሜ ነው» ይላል። አንዱ ሐኪም አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ይሰጠዋል። ልቡን በጆሮ ማዳመጫ ያዳመጠ፣ ራጅ ያነሳም ብዙ ነገር ላያገኝ ይችላል። የልብ አልትራሳውንድ ሲታዘዝለት ነው ቀኝ ልቡ እንደሰፋ የሚታየው። ከዚያ የሳንባ የአየርና የደም ስርጭት ምርመራ ይደረጋል፤ አየር ደርሶበት ደም ያልደረሰው ቦታ በምስሉ ላይ ይለያል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ቀጭን ቱቦ ወደ ቀኝ ልብ አስገብቶ ግፊቱን እዚያው መለካት ነው።

ከተገኘ መፍትሔ አለው። ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ዋናው ፈውስ ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ የእሱም ታሪክ አንዲት ሴት ያለችበት ነው። ኒና ብራውንዋልድ በ1960 ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተከለውን ቡድን የመራች ሐኪም ናት። በ1970 ሳንዲያጎ ላይ፣ ከሳንባ ሐኪሙ ከኬኔት ሞዘር ጋር ሆና በሳንባ ሥር ውስጥ የደረቀውን ጠባሳ ከፍታ አወጣች። የሳንዲያጎው ሆስፒታል ከዚያ በኋላ በዚህ ሥራ ዓለም የሚማርበት ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ በሽተኛው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ የደም ዝውውሩም በአንድ ጊዜ እስከ ሃያ ደቂቃ ይቆማል፤ ደም ባለበት መስክ ቀዶ ሐኪሙ የሥሩን ሽፋን ከጠባሳው ለይቶ ማየት አይችልምና። ጠባሳው ከቅርንጫፉ እየተላጠ ሲወጣ የዛፍ ሥር ይመስላል ይላሉ ያዩት።

ችግሩ፣ ጣፊያቸው በወጣላቸው ሰዎች ጠባሳው ብዙ ጊዜ በሩቆቹ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ መሆኑ ነው። ክላማር ያሉትም ይህን አይተዋል። ቢላዋ እዚያ አይደርስም። ለእነዚህ ሰዎች ሥሩን በትንሽ ፊኛ ከውስጥ እየነፉ ማስፋት፣ ወይም ከ2013 ጀምሮ የተፈቀደው ሪዮሲጉአት የተባለ መድኃኒት ቀርቶላቸዋል። ስለዚህ ቀድሞ መገኘቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጣፊያን ማትረፍ ነው። በዚህ ፈር ቀዳጆቹ የሕፃናት ሐኪሞች ናቸው። በ1968 ቶሮንቶ ውስጥ ኡፓድያያና ሲምፕሰን፣ ጣፊያቸው የተጎዳ ሕፃናት ሳይቀደዱ በአልጋ ላይ በጥንቃቄ እየተጠበቁ ሊድኑ እንደሚችሉ ጻፉ። ዛሬ የልብ ምቱና ግፊቱ የተረጋጋለት ቁስለኛ፣ ሲቲ ስካንና የቅርብ ክትትል ባለበት ሆስፒታል፣ ጣፊያው በሆዱ ሳለ ይድናል። የሚደማው ሥር ከውስጥ በቱቦ ሊዘጋለትም ይችላል። የቀይ ደም ሴል በዘር የሚበላሽባቸው ልጆችም አንዳንዴ ከፊሏ ብቻ ይወጣላቸዋል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጣፊያ በየቆላው የታወቀች ናት። ሁመራና መተማ ላይ ካላአዛር የያዘው የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጣ እምብርቱ ድረስ ትወርዳለች። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰውም እንዲሁ። ያበጠች ጣፊያ በትንሽ ምት ትቀደዳለች፤ ጠብ፣ ከበቅሎ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ ይበቃታል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በሽታውን ማከም ነው፤ ካላአዛር ሲታከም ጣፊያዋ ራሷ ትመለሳለች። የቢልሃርዚያ አንዱ ዓይነት ደግሞ ጉበትንና ጣፊያን ይጎዳል፤ እሱ ራሱም የሳንባ ደም ግፊት ያመጣል። በዚህ የተያዘ ሰው ጣፊያው ቢወጣ አደጋው ከሁለት ወገን ይመጣበታል። ወባ ባለበት አገር የሚኖር ጣፊያ የሌለው ሰው አጎበሩንና ትኩሳቱን ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባል።

አሁን ወደ ማሳረጊያው ደርሻለሁ፤ ማንንም አስፈራርቼ ማሰናበት አልፈልግም። ጣፊያቸው ከወጣላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ አይደርስባቸውም። እጥፍ የሆነ አደጋ ማለት መነሻው ትንሽ ከሆነ አሁንም ትንሽ ነው። ስለዚህ «እንዳይረጋብኝ» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ መጀመር የለም፤ መድማትም ይገድላል። የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትርና የሄሞፊለስ ክትባት የተሟላ መሆኑን ማረጋገጥ። ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ። ሦስተኛው፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም አንድ እግር ሲያብጥ፣ ለሚያያችሁ ሐኪም ሳይጠይቃችሁ «ጣፊያዬ ወጥቷል፤ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ምክንያት» ብሎ መንገር።

ይህን የምለው ለባለ ጠባሳው ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ሆዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ «ድሮ ታምሜ ነው» ብለው ይተዉታል። እናንተ ልጆች ጠይቋቸው፤ ምን ወጣላቸው? መቼ? የት? መልሱን በወረቀት ጻፉና ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ሦስቱ ሐኪሞች ምናልባት መቼም አይገናኙም። ወረቀቱ ግን ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ይችላል።